ዋሽንግተን የሚባሉት ሁሉ የማን ልጆች ናቸው?

በ2000 በተካሄደው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ከ163 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል 90 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን በዓለም ያስጠራው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ግን ነጭ ባለርስትና የባሪያ ጌታ ነበር፤ ከአብራኩ የተከፈለ ልጅም አልነበረውም። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ስሙን ከየት አገኙት?

ሁለት ታዋቂ አሜሪካውያን አንድ የቤተሰብ ስም ሲጋሩ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው «ዘመዳሞች ናቸው ወይ?» ብለን ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚያ መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ስሙ ወደዚህ ሰው የደረሰው በየት በኩል ነው? በውርስ የተገኘ ስም አለ፤ በጋብቻ የመጣ አለ፤ ስደተኛው ለኑሮው እንዲመቸው ያቃናው አለ፤ በጌታ ስም የተጫነ አለ፤ ነፃ የወጣ ሰው ለራሱ የመረጠውም አለ። በጽሑፍ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛ ግራ የሚያጋባው በአገራችን ልማድ የስም አካሄድ ሌላ ስለሆነ ነው። ሰለሞን ተስፋዬ የሚባል ሰው ልጁን ሣራ ቢላት ልጅቱ ሣራ ሰለሞን ትሆናለች፤ ተስፋዬ የሚለው ስም በአንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይቀራል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የትምህርት ቤት ወይም የኢሚግሬሽን ቅጽ ሲሞሉ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ቅጹ አባትና ልጅን በአንድ የቤተሰብ ስም እንዲጠሩ ይጠብቃል፤ የእነርሱ ስም ግን በየትውልዱ ይለወጣል። አንዳንዶች ችግሩን ለማቃለል የአያትን ስም ለቤተሰቡ ሁሉ መጠሪያ ያደርጋሉ፤ ያ ስም በልጅ ልጆቻቸውም ላይ ይቀጥላል። እንግሊዝ አገርም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአባት ስም፣ የሙያ ስም፣ የመንደር ስም በጊዜ ብዛት ረግቶ የቤተሰብ ስም ሆነ፤ ወደ አሜሪካም የተሻገረው በዚህ መልኩ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር፤ ስሙም ዝምድናውም እውነተኛ ከሆነበት። ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስና ስድስተኛው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ አባትና ልጅ ናቸው። በቦስተን የነፃነቱን ትግል ያፋፋመው ሳሙኤል አዳምስም የጆን አዳምስ የሩቅ የአጎት ልጅ ነበር። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በ1841 ሥልጣን ይዞ በወሩ ሲሞት፣ የልጅ ልጁ ቤንጃሚን ሃሪሰን በ1889 በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ቡሾችም አባትና ልጅ መሆናቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው።

ሩዝቬልቶች ግን ቆም ብለን ልናያቸው ይገባል። ቴዎዶር ሩዝቬልት ከ1901 እስከ 1909፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ1933 እስከ 1945 ፕሬዚዳንት ነበሩ። የዘር ሐረጋቸው የሚገናኘው ከሁለቱም ስድስት ትውልድ ወደ ኋላ በሚገኝ፣ በ1742 በሞተ ኒኮላስ ሩዝቬልት በተባለ ሰው ላይ ነው። ከእርሱ ልጆች በወረዱት ሁለት ቅርንጫፎች አንደኛው ቴዎዶርን፣ ሌላው ፍራንክሊንን አስገኘ። ይህን ያህል በመራራቃቸው በስም ካልሆነ በቀር ብዙም አይተዋወቁም ይባል ነበር፣ ጋብቻ መሃል ባይገባ ኖሮ። የፍራንክሊን ሚስት ኤሊኖር የቴዎዶር የወንድም ልጅ ናት፤ ከጋብቻዋ በፊትም ኤሊኖር ሩዝቬልት ነበረች፤ ከጋብቻዋም በኋላ ኤሊኖር ሩዝቬልት ሆነች። አባቷ ቀደም ብሎ ስለ ሞተ፣ መጋቢት 17 ቀን 1905 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገው ሠርግ ላይ ሙሽራዪቱን የዳረው በሥልጣን ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት አጎቷ ነው። ያን ዕለት ለሙሽራው «ስሙን ከቤተሰብ ሳያወጡ እንደማቆየት ያለ ነገር የለም» ማለቱ ይነገራል። ኤሊኖር ከኒኮላስ ስትቆጠር ሰባተኛ፣ ፍራንክሊን ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ ሰባት ቤት በሚቆጥር የአገራችን ሽማግሌ ፊት ይህ ጋብቻ ሳያከራክር የሚያልፍ አልነበረም። አንድ ስም መያዛቸው ግን በፖለቲካ አላስማማቸውም። የቴዎዶር ወገን ሪፐብሊካን፣ የፍራንክሊን ወገን ዲሞክራት ነበር፤ ፍራንክሊን በ1920 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደርም የቴዎዶር ልጅ አገር ለአገር እየዞረ ይቃወመው ነበር።

አሁን ወደ ተቃራኒው እንሂድ፤ ወደ ጆንሰኖች። አንድሩ ጆንሰን በ1808 በሰሜን ካሮላይና፣ ሊንደን ጆንሰን በ1908 በቴክሳስ ተወለዱ። ሁለቱም የደቡብ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ ፕሬዚዳንታቸው በጥይት ተገድሎ በመሃላ ተተኩ፤ አንደኛው በ1865 ሊንከንን፣ ሌላው በ1963 ኬኔዲን። በመካከላቸው ግን የሚታወቅ የሥጋ ዝምድና የለም። በሥራቸውም ቢሆን እጅግ ይለያያሉ። አንድሩ ጆንሰን በ1866 ለጥቁሮች የዜግነት መብት የሚሰጠውን ሕግ አልፈርምም ብሎ መለሰው፤ ኮንግረስ የእርሱን እምቢታ ሽሮ አጸደቀው። ሊንደን ጆንሰን ደግሞ በ1964 የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ በፊርማው አጸና። ያንዱን ስም ከሌላው ጋር አጣብቆ የዕጣ ፈንታ ተረት መሥራት ለንባብ ይጥማል፤ እኔ ግን ከግጥምጥሞሹ ይልቅ በአንደኛው እምቢታና በሌላው ፊርማ መካከል ያለው የ98 ዓመት ርቀት ይበልጥ ያሳስበኛል።

ጆንሰን በአሜሪካ ከስሚዝ ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ ስም ነው። የበዛበትም ምክንያት አንድ ትልቅ ጎሳ ስለወለደው አይደለም። በእንግሊዝ የጆን ልጅ የተባለ ሁሉ በየመንደሩ በየራሱ ጆንሰን ሆነ። ከስዊድን የመጣው ዮሐንሶን አሜሪካ ሲገባ አጻጻፉን ለጎረቤቶቹ አፍ አመቻችቶ ጆንሰን ተባለ። ጀርመናዊው ሽሚት ስሚዝ፣ ሙለር ሚለር የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም፦ የስደተኞችን ስም የለወጡት ስደተኞች ይመዘገቡበት በነበረው በኒው ዮርኩ ኤሊስ ደሴት የነበሩ ጸሐፊዎች ናቸው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ጸሐፊዎቹ የሚሠሩት መርከቡ ከመነሻው ወደብ ይዞት በመጣው የመንገደኞች መዝገብ ላይ ነበር። ስሙን በአብዛኛው የለወጠው ስደተኛው ራሱ ነው፤ ከገባ በኋላ፣ ሥራ ሲፈልግ ወይም ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያስገባ።

ጋብቻም አለ። የጆን ግሌንን የ1962 የጠፈር ጉዞ ስሌት በእጇ ያረጋገጠችው የናሳ የሒሳብ ሊቅ ካትሪን ጆንሰን ስትወለድ ካትሪን ኮልማን ነበረች፤ በመጀመሪያ ጋብቻዋ ጎብል ተባለች፤ ጆንሰን የሆነችው ሁለተኛ ባሏን በ1959 ካገባች በኋላ ነው። ሊ የሚለው ስም ደግሞ ከዚህም የሰፋ ነገር ያሳያል። የደቡብ ጦር አዛዥ የነበረው ሮበርት ሊ ከቨርጂኒያ የእንግሊዝ ዘር ነው፤ በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተወለደው ብሩስ ሊ ስሙን ያገኘው ከቻይናዊ አባቱ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ አይለያዩም፤ የመጡት ግን ከዓለም ሁለት ጫፍ ነው።

ሦስተኛ ሊም አለ፤ የዋሽንግተንን ምሥጢር መፍታት የሚጀምረው እርሱ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1768 ዊልያም የሚባል ወጣት ከአንዲት የሊ ቤተሰብ መበለት በባርነት ገዛ። ዊልያም በነፃነቱ ጦርነት ዘመን ሁሉ ከጄኔራሉ ጎን ሳይለይ በአሽከርነት አገልግሏል። ስሙ ግን ዊልያም ሊ እንደሆነ ቀረ። በ1799 ዋሽንግተን ሲሞት በኑዛዜው ወዲያውኑ ነፃ ያወጣው ብቸኛ ባሪያ ይህ ሰው ነው፤ በየዓመቱ 30 ዶላርም ተቆረጠለት። በዚያ ዓመት በማውንት ቨርነን ርስቱ 317 ባሪያዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ የዋሽንግተን የግል ንብረት የሚባሉት 123ቱ ነፃ የወጡት ከእርሱ ሞት በኋላ በመበለቲቱ በማርታ ፈቃድ በ1801 መጀመሪያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጥቁር አሜሪካዊ ሁሉ የመጨረሻ ጌታውን ስም እንደያዘ ያስባል፤ ዊልያም ሊ ይህ ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን ይመሰክራል።

ከዚያው ርስት ያመለጠው ሃሪ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። በ1776 ወደ እንግሊዞች ጦር ሸሽቶ ገባ፤ በጥቁሮች የጉልበት ክፍል ውስጥ አገለገለ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1783 ከኒው ዮርክ በመርከብ ሲወጣ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ስሙ ሃሪ ዋሽንግተን ይላል። ጌታው ለነፃነት ሲዋጋ እርሱም ለነፃነቱ በተቃራኒው ወገን ተሰልፎ ነበር። መጀመሪያ ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ፤ በ1800 በዚያ በቅኝ ገዢው ኩባንያ ላይ በተነሣው አመፅ ተካፍሎ ተጋዘ።

በባርነት ዘመን የጥቁሮች የቤተሰብ ስም አልነበረም ማለትም ስሕተት ነው። ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፍ ስም ነበራቸው፤ ስሙን የማይመዘግበው ጌታውና መንግሥት ነው። በ1850 እና በ1860 የሕዝብ ቆጠራዎች በተዘጋጁት የባሪያ መዝገቦች ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ነው፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ይደረደራል። አንዲት የሰላሳ ዓመት ሴት፣ አንድ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ፤ እናትና ልጅ ይሁኑ አይሁኑ የሚነግር ነገር የለም። ቀድሞ ባሪያ የነበሩት አብዛኞቹ በስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠሩት በ1870 ነው። ዛሬ የዘራቸውን ሐረግ የሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን ከዚያ ዓመት አልፈው ለመሄድ የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ንድድ ይለኛል፤ ሰው ተቆጥሮ ስሙ አለመጻፉ በመዘንጋት የመጣ ሳይሆን ሕግ የወሰነው ነገር ነበርና።

ነፃነት ሲመጣ ግን ስም የግድ ሆነ። ለደመወዝ ውል፣ ለጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ለባንክ ደብተር፣ ለምርጫ መዝገብ የቤተሰብ ስም ይጠየቃል። ቡከር የተባለው ልጅ የገጠመውን በግለ ታሪኩ ጽፎታል። በ1856 በቨርጂኒያ በባርነት ተወልዶ፣ ነፃነት ሲታወጅ ከእናቱ ጋር ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄደ፤ የእንጀራ አባቱ በማልደን የጨው ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከፊደል ሁሉ ቀድሞ የለየው በእንጀራ አባቱ የጨው በርሜሎች ላይ የሚጻፈውን 18 ቁጥርን ነው። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ መምህሩ ስም ሲጠራ የሌሎቹ ልጆች ሁሉ ሁለት ስም፣ አንዳንዶቹም ሦስት ስም እንዳላቸው ሰማ። የእርሱ ቡከር ብቻ ነው። ተራው እስኪደርስ ተጨነቀ፤ ሲደርሰው ግን ዕድሜውን ሁሉ ሲጠራበት እንደኖረ ሰው ረጋ ብሎ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ መጠሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። በኋላ እናቱ ስትወልደው ታሊያፌሮ የሚል ስም እንደጨመረችለት ሲሰማ እርሱንም መሃል አስገባው። በ1881 የቱስኪጊን ትምህርት ቤት የመሠረተው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ዋሽንግተን የሚለው ስም የጥቁሮች የሆነው በአንድ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ለነጩም ለጥቁሩም የአገር ጀግና ስም ነበር፤ ለልጆች መጠሪያም ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ከእንጀራ አባት የወሰደው አለ፤ በዋሽንግተን ዘመዶች ርስት ላይ የኖረም አለ። ስሙን የያዙ ነጮች መጀመሪያውንም ጥቂት ስለነበሩ ጥቁሮቹ በብዛት በለጡ።

በ1896 ቡከር ወደ ቱስኪጊ የጋበዘው የግብርና ተመራማሪው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ደግሞ ስሙ በሌላ ጉዳይ ረዘመ። በሚዙሪ በባርነት ተወልዶ የካርቨር ቤተሰብ ያሳደገው ይህ ሰው ካንሳስ ውስጥ ሲኖር ሌላ ጆርጅ ካርቨር በከተማው ነበርና ደብዳቤያቸው ይቀላቀልባቸው ጀመር። ለመለያ ያህል ከመሃል አንድ ፊደል ጨመረ። ፊደሉን ዋሽንግተን ብለው የፈቱት ሌሎች ናቸው ይባላል።

የፀረ ባርነት ታጋዩ ፍሬድሪክ ዳግላስም ስሙን የለወጠው መመሳሰል አስቸግሮት ነው። በሜሪላንድ ፍሬድሪክ ቤይሊ ይባል ነበር። በ1838 አምልጦ ኒው ዮርክ ሲገባ ያመለጡ ባሪያዎችን የሚያድኑ ሰዎች እንዳያገኙት ጆንሰን ተባለ። ኒው ቤድፎርድ ሲደርስ ግን ከተማው በጆንሰኖች ተሞልቶ አገኘው፤ ያስጠለለው ሰው ራሱ ናታን ጆንሰን ነበር። አዲስ ስም እንዲመርጥለት ለናታን ፈቀደለት፤ ፍሬድሪክ የሚለው ግን እንዳይነካ ለመነው፤ ማንነቱ ሁሉ እንዳይጠፋበት ፈርቷልና። ናታን በዚያ ሰሞን ካነበበው የስኮትላንድ ግጥም ዳግላስን ሰጠው።

ከዊልያም ሊ ወዲህ ያየናቸው ስሙ ያለ ደም የተሻገረባቸው ናቸው። የጄፈርሰን ታሪክ በተቃራኒው ነው፤ ደሙ ተሻገረ፤ ስሙ ግን ተከለከለ። ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ከያዛት ከሳሊ ሄሚንግስ ልጆች ወልዷል የሚለው ወሬ ገና ፕሬዚዳንት ሳለ ይነገር ነበር። ከልጆቿ መካከል ማዲሰንና ኤስተን በ1826 በጄፈርሰን ኑዛዜ ነፃ ወጡ። ማዲሰን ሄሚንግስ የሚለውን ስም ይዞ በኦሃዮ ከጥቁሮች ጋር ኖረ፤ በ1873ም አባቴ ጄፈርሰን ነው ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ኤስተን ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ ጄፈርሰን ተባለ፤ ቤተሰቡም ነጭ ሆኖ ኖረ፤ ልጁ በእርስ በርሱ ጦርነት የሰሜን ጦር ኮሎኔል ሆኗል። አንድ እናት የወለደቻቸው ወንድማማቾች በሁለት ስም፣ በሁለት ዘር ተመዝግበው ቀሩ።

በ1998 የታተመው የዘረመል ምርመራ ነገሩን እንዲህ ፈተሸው። ዋይ የሚባለው ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ልክ እንደ ቤተሰብ ስም በወንድ መስመር ይወርዳል። ጄፈርሰን ከሚስቱ የወለደው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ተመራማሪዎቹ ናሙና የወሰዱት ከአጎቱ ከፊልድ ጄፈርሰን የወንድ መስመር ዘሮች ነው። ይህ ከኤስተን የወንድ መስመር ዘር ጋር ገጠመ። ምርመራው ብቻውን የሚያሳየው አባቱ ከጄፈርሰን ወንዶች አንዱ መሆኑን እንጂ ቶማስ ራሱ መሆኑን አይደለም። ከጽሑፍ ማስረጃዎች ጋር ሲደመር ግን አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን አባቱ ቶማስ ነው ብለው ተቀበሉ፤ የጄፈርሰንን ቤት የሚያስተዳድረው ተቋምም በ2000 ወደዚሁ ደመደመ። የቤተሰብ መቃብሩን የያዘው የዘር ማኅበር ግን የሄሚንግስን ዘሮች በአባልነት ለመቀበል በ2002 በድምፅ ብልጫ እምቢ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ለዚህ እምቢታ አጥጋቢ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ስምን ከታላላቅ ሰዎች መውሰድም ሌላ ምዕራፍ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1929 ሲወለድ ማይክል ነበር፤ አባቱም ማይክል። አባትየው በ1934 ጀርመንን ጎብኝቶ ሲመለስ የራሱንም የልጁንም ስም በተሐድሶው መሪ ስም ቀየረ። መሐመድ አሊ እስከ 1964 ይጠራበት የነበረው ካሺየስ ክሌይ የኬንታኪ ነጭ የፀረ ባርነት ታጋይ ስም ነው፤ ቦክሰኛው ግን የባርነት ስም ነው ብሎ ጣለው። ማልኮም ሊትልም የጠፋውን የአፍሪካ ስሙን ለማመልከት ማልኮም ኤክስ ሆነ። በ1947 በታላቁ የቤዝቦል ሊግ የዘር ግንቡን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ደግሞ ሙሉ ስሙ ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን ነው፤ እርሱ ከመወለዱ ጥቂት ሳምንታት በፊት የሞተውን ቴዎዶር ሩዝቬልትን ለማስታወስ የተሰጠው ነው።

ሮቢንሰን ስንል ደግሞ ለእኛ የሚቀርበን ሌላ ሰው አለ። ጆን ሮቢንሰን በሚሲሲፒ ያደገ፣ በቱስኪጊ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው። በ1935 ኢጣሊያ ልትወረን ስትዘጋጅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ጥቂቱን አየር ኃይላችንን መራ፤ በጦርነቱ ጊዜም ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር በረረ። ከድል በኋላ በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። ከቤዝቦል ተጫዋቹ ጋር የሚያገናኘው የሚታወቅ የሥጋ ዝምድና የለም። ከቡከር ጋር የሚያገናኘው ግን ግልጽ ነው፤ ሙያ የተማረው፣ ያ ስም ሲጠራ የተጨነቀው ልጅ አድጎ በከፈተው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር።